ጠየም ያለ ልብስ

የእህቴ ልጅ ጥቁሯን ሪባን አንገቷ ላይ ሦስት ጊዜ አስራ ሦስት ጊዜ ፈታችው። ነጩ ሸሚዝ ማታውኑ ተተኩሶ ከበሩ ጀርባ ተንጠልጥሎ ነበር ያደረው። ጥቁር ጉርድ ቀሚስ፣ ጥቁር ስቶኪንግ፣ ጥቁር ጫማ። የቀረው ያ ሪባን ብቻ ነበር። «ጋሼ፣ እዚህ ጋ በጣትህ ያዝልኝ» አለችኝ። ቋጠሮው መሀል ጣቴን አሳረፍኩ፤ ሳበችው፤ በአራተኛው ቆመላት። ከዚያ ጋዎኑን ደረበች። ጋዎን ስል እኛ አገር ተመራቂ የሚለብሰውን፣ እስከ ባት የሚወርደውን ማለቴ አይደለም። ይህኛው እጅጌ የለውም፤ ቁመቱም ከወገብ ብዙ አያልፍም፤ ከሁለቱ ትከሻዎች ላይ ጠፍጣፋ ቁራጭ ጨርቅ ወደ ኋላ ይንጠለጠላል። አራት ማዕዘኑን ቆብ አልደፋችውም፣ በእጇ ያዘችው።

«ይኼ ሁሉ አንድ ላይ ሰብፈስክ ይባላል» አለችና ወደ መስታወቱ ዞራ «በአማርኛ ምን ይባላል?» ስትል ጠየቀችኝ።

ሠላሳ ዓመት በትርጉምና በእርማት ሥራ ኖሬያለሁ። ይህን ቃል ግን ሰምቼው አላውቅም ነበር። ልጅቷ ተወልዳ ያደገችው ለንደን ነው፤ አማርኛን የምትወደው በጥያቄ ነው፤ አንድ ነገር ባየች ቁጥር «በአማርኛ ምን ይባላል?» ትላለች፤ መልሱን ካላገኘችም አትተኛም። «ከሥነ ሥርዓቱ ስትመለሺ እነግርሻለሁ» አልኳትና አብረን ወጣን።

ኦክስፎርድ ያን ቀን ሰማዩ ጭፍግግ ብሎ ነበር፤ የሚያካፋ ግን የማይጥል፣ ቀኑን ሙሉ ጠዋት የሚመስል የጥቅምት ቀን። ብሮድ ስትሪት የሚባለው ሰፊ መንገድ ላይ ስንደርስ ልቤ ደነገጠ። ከየማዕዘኑ፣ ከየኮሌጁ በር፣ ከየቅያሱ ወጣቶች ይፈሳሉ፤ ሁሉም ጥቁር ለብሰዋል። መቶዎች ናቸው። ድምፃቸው ሞቅ ያለ ነው፤ ይስቃሉ፤ ፎቶ ይነሣሉ። ዓይኔ ግን ጆሮዬን ቀደመው። እኔ ባደግሁበት ቤት ይህን ያህል ሰው በአንድነት ጥቁር ለብሶ መንገድ የሚሞላው ቀብር ሲኖር ነው። ጥቁር ተነክሮ የሚለበሰው ልብስ ስሙም ከል ነው፤ ከል ለበሰች ከተባለ ማን እንደ ሞተባት ይጠየቃል እንጂ ልብሱ አማረባት አይባልም።

ይህ የተሰማው ለእኔ ብቻ አልነበረም። የልጅቷን ፎቶ አንሥቼ ደብረ ብርሃን ላለችው እናቴ በጎረቤቷ ልጅ ስልክ ላይ ላክሁላት። አምስት ደቂቃ ሳይሞላ ስልኩ ጮኸ። እናቴ ሰላምታ አላስቀደመችም። «ማን ሞተብን?» አለች።

«ማንም አልሞተም እማዬ። የትምህርት ቤቱ ልብስ ነው። ዛሬ በይፋ የምትገባበት ቀን ነው።»

«ታዲያ በደስታ ቀን ልጄን ከል ያለበሷት ለምንድን ነው?»

ይህን ጥያቄ ይዤ ነው ሼልደንያን የተባለው አዳራሽ ደጃፍ የቆምኩት። አዳራሹን ክሪስቶፈር ሬን ነደፈው፤ ተሠርቶ ያለቀው በ1669 ነው፤ እዚህ የምጽፋቸው ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ናቸው። የቅበላው ሥነ ሥርዓት በውስጡ በላቲን ይካሄዳል፤ ዘመድ አይገባም። ስለዚህ በአጥሩ ላይ ከተደረደሩት ትልልቅ ጢማም የድንጋይ ራሶች ሥር ቆሜ ጠበቅሁ። ፊት ለፊቴ፣ ከመንገዱ ማዶ፣ የቦድሊያን ቤተ መጻሕፍት አንዱ ክንፍ የሆነው ዌስተን ሕንፃ አለ። እዚያ ውስጥ የእኛ ብራናዎች አሉ። ተጓዡ ጄምስ ብሩስ በ1770 ጎንደር ገብቶ ሲመለስ ይዟቸው ከወጣቸው መካከል መጽሐፈ ሄኖክ ይገኝበታል፤ ከሦስቱ ቅጂዎች አንዱን ለዚሁ ቤተ መጻሕፍት ሰጠ። ሪቻርድ ሎረንስ የተባለ የዕብራይስጥ መምህር በ1821 ወደ እንግሊዝኛ የመለሰው ከዚያው ቅጂ ነው። ጥቁር ልብስ የለበሱት ልጆች በዚያ ሕንፃ ደጅ ሲያልፉ እያየሁ፣ ከጥላሸትና ካረረ እህል በተበጠበጠ ቀለም የተጻፈው ግዕዝ ከግድግዳው ወዲያ እንዳለ ማሰቤ ብቸኝነቱን ቀነሰልኝ። 

የቃሉ ፍቺ የተገለጠልኝ ከሰዓት በኋላ ነው። ልጅቷ እጄን ይዛ ወደ ባንበሪ መንገድ ወሰደችኝ፤ የታላቁ የኦክስፎርድ እንግሊዝኛ መዝገበ ቃላት አዘጋጅ ጄምስ መሪ የኖረበትን 78 ቁጥር ቤት ልታሳየኝ። ከቤቱ ፊት ቀይ የፖስታ ሣጥን ቆሟል። ለሰውየው የሚመጣውና ከእርሱ የሚወጣው ደብዳቤ ከመብዛቱ የተነሣ ፖስታ ቤቱ ሣጥኑን በደጁ ተከለለት። መሪ በ1915 ሞተ፤ መዝገበ ቃላቱ ያለቀው በ1928 ነው። እጄን ሣጥኑ ላይ አሳርፌ ትንሽ ቆየሁ። የዚህችን ከተማ ስም መጀመሪያ ያነበብኩት በመዝገበ ቃላት ላይ ነው። አምሳሉ አክሊሉና ሞስባክ ያዘጋጁትን የእንግሊዝኛ አማርኛ መዝገበ ቃላት በ1973 አዲስ አበባ ላይ ያሳተመው የኦክስፎርድ ዩኒቨርሲቲ ማተሚያ ቤት ነበር። ተማሪ ሳለሁ ያ መጽሐፍ እስኪገነጣጠል ድረስ ከእጄ አልወጣም። ዛሬ እንጀራ የምበላበት ሙያ ከዚያ የተጀመረ ነው።

ፖስታ ሣጥኑ አጠገብ ልጅቷ ስልኳን ከፍታ የቃሉን ፍቺ አነበበችልኝ። የደበዘዘ፣ የጨፈገገ፣ ድምቀት የሌለው፤ ሁለተኛው ፍቺ የኦክስፎርድ ተማሪዎች የሥርዓት ልብስ። እንግሊዞቹ ከዩኒቨርሲቲው ውጭ ቃሉን እምብዛም አይጠቀሙበትም። አልፎ አልፎ አንድ ጸሐፊ ብርሃን የራቀውን ክፍል፣ ወይም ቀለሙ የከሰመበትን ሥዕል፣ ወይም ሞቅታ የሌለውን ሰው በዚህ ቃል ይገልጸዋል። የሰማው ሰው ሁሉ የሚረዳው ቃልም አይደለም።

«እንግዲህ» አለች ልጅቷ፣ «ደባሪ ልብስ ልንለው ነው?»

አይሆንም አልኳት። ያልኩት በስሜት ነበር፤ ምክንያቱን ያገኘሁት ዘግይቼ ነው። የላቲኑን ግንድ ፈልገን ስናገኘው ፉስኩስ የሚል ሆነ። ሮማውያን ፉስኩስ የሚሉት ጠቆር ያለ ነገርን ነው፤ ለሰውም መልክ ይሉታል። ፊቱ ነጭም ጥቁርም ያልሆነ ሰው ፉስኩስ ነው። ታዲያ ይህ ጠይም አይደለም? በዚህ ላይ ሰብ የሚለው ቅድመ ቅጥያ ሲገባ ቃሉን ዝቅ ያደርገዋል፤ ጥቂት፣ ወደዚያ ያደላ፣ ያን ያህል ያልደረሰ ይሆናል።

ያን ጊዜ መንገድ ላይ ቆሜ ደስታዬን መሸሸግ አቃተኝ። እንግሊዝኛው ይህን ለማለት ከላቲን ሁለት ቁራጭ መበደር ግድ ሆኖበታል። አማርኛ የራሱን ቃል ቅርጽ ብቻ ነው የሚለውጠው። ጥቁር ጠቆር ይሆናል። ቀይ ቀላ ይላል። ረጅም ረዘም፣ አጭር አጠር፣ ጠይም ጠየም። «ጠየም ያለ» ስንል ጠይም ነው አላልንም፤ ወደዚያ ያደላል ነው ያልነው። የሮማው ሰው በቅጥያ የሠራውን እናቶቻችን ምርጊት ግድግዳ ሥር ቁጭ ብለው የሰው መልክ ሲያወጉ በየዕለቱ ይሠሩታል። «ልጅቷ ቀይ ናት?» «ኧረ ጠየም ትላለች።» ይኸው ነው ሰብፈስክ።

እዚህ ላይ አንድ ነገር ከልቤ ልናገር። ከውጭ ቋንቋ ስንተረጉም መጀመሪያ የምናየው የመዝገበ ቃላቱን ፍቺ ነው፤ ፍቺው ድብዝዝ ካለ እኛም ድብዝዝ እንላለን። ግን የፍቺው ስሜት የባዕድ ነው። እንግሊዛዊው በዓመት ብዙውን ወር ደመና ሥር ይኖራልና ደብዘዝ ያለ ቀለም ሁሉ ብርሃን የተነፈገ ይመስለዋል። የአማርኛ ተናጋሪ ግን በመሀል ቀለሞች ላይ ክፉ ቃል የለውም። ገበያ ወጥተን እንስማ። በሬው ዳለቻ ነው፤ አህያዋ ቡላ ናት፤ ፈረሱ ዳማ ነው፤ ዶሮዋ ገብስማ ናት ወይም ወሰራ። ለአንዱም «ያልደመቀ» ተብሎ ዋጋ አይቀነስለትም። ጸጉሩ ገብስማ የሆነ ሰው ይከበራል። ጠይም ቆንጆ ስትባል ቀለሟ ራሱ ምስጋና ነው። በመሀል ቀለም ላይ እንዲህ የበለጸገ ቋንቋ ይዘን «ደባሪ» ብለን መተርጎም ግፍ ነው፤ በልብሱም ላይ፣ በቋንቋውም ላይ።

ከፉስኩስ ግንድ ሌላም ቃል በቅሏል። ኦብፈስኬት የሚሉት ግስ ነገርን ማጨለም፣ ማድበስበስ ማለት ነው፤ በፖለቲከኞች ላይ ይወረወራል። ላሩስ ፉስኩስ ደግሞ ጀርባው ጠቆር ያለ የባሕር ወፍ ሳይንሳዊ ስም ነው። ከሰሜን አውሮፓ ተነሥተው ብርዱን ለመሸሽ እስከ ምሥራቅ አፍሪካ ሐይቆች የሚወርዱ ዘሮች አሉት። ስሙን ሳይነግረን በሐይቆቻችን ላይ ሲበር ኖሯል።

ወደ ልብሱ ልመለስ። የከንተርበሪው ሊቀ ጳጳስ ዊልያም ሎድ የዩኒቨርሲቲው የበላይ ሳለ፣ በ1636 የጸናው ሕግ ተማሪዎች ጥቁር ወይም ጠየም ያለ ልብስ እንዲለብሱ ያዝዛል። ረጅም ጸጉርም ከልክሏል። ሎድ ራሱ ዘጠኝ ዓመት ሳይቆይ በ1645 አንገቱን ተቀላ፤ የልብሱ ሕግ ግን እርሱን ቀብሮ እዚህ ደረሰ። ያኔ ዓላማው የባለጸጋ ልጆች በሐርና በደማቅ ቀለም እንዳይፎካከሩ ነበር። ዛሬ የሚለበሰው ለቅበላ፣ ለፈተናና ለምርቃት ነው። ሴቶች ሙሉ አባል ሆነው ማዕረግ መቀበል የተፈቀደላቸው በ1920 ሲሆን፣ የእነርሱ ልብስ ለብቻው ሆኖ ቆየ። ወንዱ እንዲህ ሴቷ እንዲያ የሚለው ደንብ የቀረው በ2012 ነው። አሁን ሱሪውንም ጉርዱንም፣ ክራቫቱንም ሪባኑንም የፈለገ ይመርጣል።

የገረመኝ በ2015 የሆነው ነው። ተማሪዎቹ ይህ ልብስ በፈተና ላይ ግዴታ መሆኑ ይቅር ወይስ ይቆይ ተብለው ድምፅ ሰጡ። ከመቶ 75 የሚበልጡት ይቆይ አሉ። ሃያ ዓመት ያልሞላው ልጅ አራት መቶ ዓመት ሊሞላው ጥቂት የቀረውን ደንብ ጣለው ሲባል ያዘው። ልጅቷን ለምን ይመስልሻል አልኳት። ካፌ ውስጥ ተቀምጠን ነበር፤ ጋዎኑ ወንበሩ ላይ ተንጠልጥሏል።

«ጋሼ፣ እኔ የመጣሁበት ትምህርት ቤትና አጠገቤ የቆመው ልጅ የመጣበት ትምህርት ቤት አንድ አይደሉም» አለችኝ። «አነጋገሩን ስሰማ አውቄዋለሁ። የእርሱ አባትና አያት እዚህ ተምረዋል። ጠዋት ግን ከኋላ ብታየን ማን ማን እንደ ሆነ አትለየንም ነበር።»

ይህ ቃል ልቤን ነካው። ልጅቷ ለንደን ውስጥ ጥቁር ሆና አድጋለች፤ ከሩቅ መለየት ምን እንደ ሆነ ታውቃለች። ልብሱ ለአንድ ጠዋት ያንን አነሣላት። ሆኖም የተሰማኝን ልበል፤ ነገሩን ሁሉ አልተቀበልኩትም። በመጀመሪያው ዓመት ፈተና ብልጫ ያመጣ ተማሪ ኮሌጁ የስኮላርነት ማዕረግ ሲሰጠው ረዘም ያለ፣ እጅጌ ያለው ጋዎን ይለብሳል። በሚቀጥለው ፈተና አዳራሽ ማን ማን እንደ ሆነ በልብሱ ይታያል። እኩል ያደርጋል የተባለው ጨርቅ ራሱ ከትከሻው ላይ መለየት ይጀምራል። ይህን ስላት ዝም አለች፤ ከዚያ «እርሱ እውነት ነው» አለች። ጠየም ያለ ልብስ የለበሱት ተማሪዎቹ ብቻ አይደሉም፤ ከተማዋም ራሷ ለዘመናት ሰብፈስክ ለብሳ ኖራለች። የከሰል ጭስ ድንጋዩን አጥቁሮት፣ ድንጋዩም እየተላጠ ነበር፤ ከ1957 ጀምሮ በተሰበሰበ ገንዘብ ነው እየተጠገነና እየተለወጠ ዛሬ የምናየው የማር መልክ የወጣው። የድሮውን ፎቶግራፍ ያየ ሰው ሌላ ከተማ ይመስለዋል።

ማታ ለእናቴ ደወልኩ። ቀኑን ሙሉ ያሰብኩትን እንዴት እንደምነግራት ተጨንቄ ነበር። ላቲን አያስፈልጋትም። «እማዬ፣ ያ ልብስ ከል አይደለም» አልኳት። «ከል ሰው ሞቶ ነጩ ልብስ ጥቁር የሚነከር ነው። ይኼ ሲጀምርም ጠየም ብሎ የተሠራ ነው። በትከሻ የሚደረብ ነው።»

ትንሽ ዝም አለች። ከዚያ «እንደ በርኖስ?» አለች።

ስልኩን ይዤ ቁጭ አልኩ። እናቴ የመንዝ ልጅ ናት። መንዝ ውስጥ ሴቶቹ የበግ ጸጉር ይፈትላሉ፣ ወንዶቹ ይሸምናሉ፤ ከጥቁር በግ ጸጉር በርኖስ ይወጣል። ቀለም አይነከርም። በጎቹ ጥቁር ይባላሉ እንጂ ጸጉራቸው ፀሐይ ሲያየው ወደ ቡና ያደላል፤ በርኖሱም እንደዚያው ነው፣ ጥላ ውስጥ ጥቁር፣ ፀሐይ ላይ ጠየም ያለ። የአያቴ በርኖስ ግድግዳው ላይ በሚስማር ተንጠልጥሎ እንደ ነበር እኔም አስታውሳለሁ። ብርድ ሲሆን ይደርበዋል፤ ሸንጎ ሲቀመጥ ይደርበዋል፤ ዳገቱ ላይ ሲመጣ በርኖሱ ትከሻው ላይ ተነሥቶ ትልቅ ያደርገው ነበር። ለሐዘን የለበሰው ጊዜ ትዝ አይለኝም። ሐዘን ሲሆን ነጠላ ነው የሚያዘቀዝቀው።

«አዎ፣ እንደ በርኖስ» አልኳት።

«እንዲያማ ከሆነ ደግ ነው» አለች። «ግን አጭር ነው። ወገቧን ይበርዳታል።»

በሰኔ ወር ሌላ ጉዳይ ወደ እንግሊዝ መልሶ አመጣኝና የልጅቷን የመጀመሪያ ፈተና ቀን አገኘሁት። ሃይ ስትሪት በሚባለው መንገድ ላይ በ1882 የተከፈተው የፈተና ሕንፃ አለ። ጥዋቱ ብሩህ ነበር። ያው ልብስ፣ ያው ሪባን፤ አሁን በአንድ እጇ ነው የምታስረው። ጋዎኑ ላይ ግን ነጭ የካርኔሽን አበባ በመርፌ ተያይዟል። ሥርዓቱ ይህ ነው፤ ለመጀመሪያው ፈተና ነጭ፣ ለመካከለኞቹ ሮዝ፣ ለመጨረሻው ቀይ። በደረጃው ላይ የቆሙትን አየሁ፤ ማን እየጀመረ ማን እየጨረሰ እንደ ሆነ ከደረታቸው ይነበባል። ያ ሁሉ ጠየም ያለ ጨርቅ አበባውን የሚያሳይ መደብ ሆኖ ነበር። በደማቅ ልብስ ላይ ቢሆን ነጩ አበባ ይጠፋ ነበር።

ፎቶውን ላክሁ። እናቴ ወዲያው ደወለች።

«በርኖሷን ለብሳለች» አለች። «አበባውን ማን ሰጣት?»

አበባውን የሰጠቻት «የኮሌጅ እናቷ» ናት ብዬ አስረዳሁ። እዚህ ነባር ተማሪዎች ለአዲስ ገቢ እናትና አባት ይሆናሉ፤ ምክር ይሰጣሉ፣ ለመጀመሪያው ፈተናም አበባ ይገዛሉ።

እናቴ ይህን ደጋግማ አስነገረችኝ። ስንት ዓመቷ ናት አለች። ሃያ አልኳት። የማን ልጅ ናት አለች። አላውቅም አልኳት። «በል እንግዲህ» አለች፣ «ለዚያችም ልጅ እግዜር ይስጥሽ በልልኝ። ለእኛዋ ደግሞ ስትወጣ ውኃ ስጣት።»

ከሦስት ሰዓት በኋላ በሩ ተከፈተ። ልጅቷ ከሕዝቡ መሀል ስትወጣ ሪባኑ ተፈቶ በአንድ በኩል ወርዶ ነበር፤ በቀኝ እጇ መሀል ጣት ላይ የቀለም ነጥብ አለ። የያዝኩላትን ውኃ ቆማ ጠጣች። ጋዎኑን አውልቃ ሰጠችኝ። ክንዴ ላይ አድርጌ ፀሐዩ ላይ ሳየው፣ ትከሻው አካባቢ፣ ቡናማ ነበር።